ልኩን ማን ያረጋግጥ? በግንባታ ውል ውስጥ የኮንትራክተሩ ሀላፊነት እስከየት ነው

ባህር ዳር ላይ አሁን ግንባታ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። በአንድ በኩል የኮሪደር ልማቱ አለ፣ በሌላ በኩል ከዲያስፖራ ሰፈር እስከ ዘንዘልማ መንገድ ድረስ ጂ ፕላስ ምናምን ብሎ ሚቆፍረው ሰው ብዙ ነው፣ ስራው በበዛ ቁጥር ጭቅጭቁም በዛ። ከጭቅጭቆቹ ውስጥ እኔን በጣም ሚያሳስበኝ የልኬት ነገር ነው። ሰው ገንዘቡን ሚጨርሰውና ለአመታት ፍርድ ቤት ሚመላለሰው ብዙ ጊዜ በትልቅ የኢንጂነሪንግ ስህተት አደለም፣ በ20 እና በ30 ሳንቲ ልዩነት ነው፣ ያውም ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት በግማሽ ቀን ስራ ሊያዝ ሚችል ልዩነት።

በየውሉም በየፕላኑ ጥግም አንድ መስመር አለች፣ «ኮንትራክተሩ ስራ ከመጀመሩ በፊት ሁሉንም ልኬቶች ሳይት ላይ ማረጋገጥ አለበት» ምትል። ሲፈረም ማንም አያነባትም። ግድግዳው የጎረቤት ድንበር ሲረግጥ ወይ የወለሉ ከፍታ ከመንገዱ ሲያንስ ግን ሁሉም እሷን ፍለጋ ይሮጣል። ባለቤቱ «አረጋግጥ ተብለሃል» ይላል፣ ኮንሰልታንቱም «አረጋግጥ ተብለሃል» ይላል፣ ኮንትራክተሩ ደግሞ «የሰጣችሁኝን ነው የሰራሁት እኔ ምን አገባኝ» ይላል። እንደኔ ሁለቱም ወገን ተሳስቷል። ይቺ መስመር ኮንትራክተሩን የሌላ ሰው ስህተት ሁሉ ተሸካሚ አታደርገውም፣ አይቶ እንዳላየ ዝም ብሎ እንዲገነባም አትፈቅድለትም። የተሰጠህን ቁጥር ከመሬቱ ጋር አስተያይ፣ ልዩነት ካገኘህ ሳትገነባበት በፊት በጽሁፍ ተናገር፣ ነገሩ ይሄው ነው። ቁጥሩን የሰጠው ሰው በቁጥሩ ይጠየቃል፣ ማየት እየቻለ ሳያይ የገነባው ደግሞ በዝምታው ይጠየቃል።

ይሄን እኔ የፈጠርኩት አደለም። በሀገራችን ትላልቅ ፕሮጀክቶች ላይ ሚሰራበት የፊዲክ (የአለም አቀፍ አማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) ቀይ መጽሐፍ ሚባለው መደበኛ የግንባታ ውል፣ እ.ኤ.አ. የ1999ኙ እትም አንቀጽ 4.7 ላይ በግልጽ አለ። ኮንትራክተሩ በውሉ ወይም በኢንጂነሩ ከተሰጡት መነሻ ነጥቦች፣ መስመሮችና ከፍታዎች ተነስቶ ነው ስራውን መሬት ላይ ሚያወጣው፣ ለእያንዳንዱ የስራው ክፍል ትክክለኛ ቦታ ተጠያቂው እሱ ነው፣ ተሳስቶ ከተከለም በራሱ ወጪ ያርማል። እዛው አንቀጽ ላይ ግን ቀጥሎ የመነሻ ነጥቦቹ ራሳቸው ስህተት ከሆኑ ሀላፊነቱ የአሰሪው ነው ይላል፣ ኮንትራክተሩ ሳይጠቀምባቸው በፊት ትክክለኛነታቸውን ለማረጋገጥ ተገቢውን ጥረት ማድረግ አለበት ብሎ ይጨምርበታል። ሰው አንዱን ግማሽ ብቻ ቆርጦ ነው ሚያነበው። እ.ኤ.አ. የ2017ቱ እትም ደግሞ ጥብቅ ብሏል፣ መነሻ ነጥቦቹን መርምሮ ስህተት ካለ ለማሳወቅ የቀን ገደብ ያስቀምጣል፣ እና ክርክሩ ወደ አንድ ጥያቄ ይወርዳል፣ ልምድ ያለው ኮንትራክተር ተገቢውን ጥንቃቄ አድርጎ ቢያይ ኖሮ ስህተቱን ያገኘው ነበር ወይ?

አሁን ወደኛ ከተማ ልምጣ፣ ምክንያቱም ይሄ ጥያቄ ባህር ዳር ላይ የራሱ መልክ አለው።

መጀመሪያ የኮኦርዲኔት (የነጥብ መገኛ ቁጥር) ነገር። ሀገራችን ለረጅም ጊዜ ስትሰራበት የኖረችው የካርታ መሰረት አዲንዳን ይባላል፣ በእጃችን ያለው ጂፒኤስና ስልካችን ደግሞ ካልቀየርነው በስተቀር ሚያነበው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው አለም አቀፍ መሰረት ነው። ሁለቱም ዩቲኤም በሚባለው የካርታ መረብ ዞን 37 ስለሚጻፉ ቁጥሮቹ ተመሳሳይ ይመስላሉ፣ ግን ያንኑ ነጥብ በሁለቱ ብትጽፈው ልዩነቱ ከ100 ሜትር በላይ ይሆናል። ይሄን ያህል ስህተት ለነገሩ ማንም ያየዋል፣ ቤቱ አስፋልት መሀል ወይ ሌላ ብሎክ ላይ ስለሚወድቅ። አደገኛው አንዱ ሰው ከአንዱ ወደ አንዱ በማይሆን ማስተካከያ ቀይሮ ጥቂት ሜትር ያዛነፈው ነው፣ እሱ አይን ላይ አይታይም፣ ችካሉ ሜዳው ላይ ተተክሎ ሲታይ ልክ ይመስላል፣ ጎረቤት አጥር ለማጠር ሲመጣ ነው ሚታወቀው። በእጅ ጂፒኤስ የቦታ ድንበር ማውጣት ደግሞ ከነጭራሹ መቅረት ያለበት ነገር ነው፣ መሳሪያው ሰማይ ክፍት በሆነበት ቦታ እንኳ ጥቂት ሜትር ይስታል፣ 10 ሜትር ፊት ያለው ቦታ ላይ ጥቂት ሜትር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቦታ የገዛ ሰው ያውቀዋል።

ከፍታውም እንደዛው ነው። ጂፒኤስ በቀጥታ ሚሰጠው ቁመት ከባህር ጠለል በላይ ሚባለው ቁመት አደለም፣ ሁለቱ በሜትሮች ነው ሚለያዩት። ኮንሰልታንቱ ዲዛይኑን በአንዱ ሰርቶ የኮንትራክተሩ ሰርቬየር በሌላው ካወጣው ዜሮ ሌቭሉ (የወለሉ መነሻ ከፍታ) ሌላ ቦታ ሄደ ማለት ነው። ለዛ ነው ፕላን ላይ የተጻፈውን ከፍታ ብቻ ይዞ መግባት ማይበቃው፣ ከየትኛው ቤንች ማርክ (ከፍታው የታወቀ ቋሚ ነጥብ) ተነስቶ እንደተጻፈ ተጠይቆ፣ ቤንች ማርኩ ዛሬም ቦታው ላይ መኖሩ በአይን ታይቶ፣ በሌቭል ወይ በቶታል ስቴሽን (የሰርቬየር መለኪያ መሳሪያዎች ናቸው) ከሌላ ሁለተኛ ነጥብ ጋር መገናኘት አለበት።

ሰው ሚዘነጋው ሌላው ነገር አፈሩ ነው። ባህር ዳርና ዙሪያዋ ብዙ ቦታ ጥቁር አፈር አለ፣ በበጋ እየተሰነጠቀ ይወርዳል፣ በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። እዛ ላይ ግንቦት ወር የተቸከለ የእንጨት ችካል ነሀሴ ላይ በዛው ከፍታ ላይ አይጠብቅህም። ችካሉን ባለቤቱ አስተክሎ ርክክቡ ግንቦት ላይ ከተደረገ፣ ስራው ደግሞ በገንዘብ ምክንያት ቆይቶ መስከረም ላይ ከተጀመረ፣ ያን ችካል ሳያረጋግጥ የተጠቀመ ኮንትራክተር «የተሰጠኝ ነው» ቢል ምንም አይሰማኝም፣ ክረምት እንዳለፈበት ያውቃላ! በአንጻሩ ችካሉ ገና በተተከለ ጊዜ ስህተት ከነበረና በሜትርና በሌቭል ሊገኝ ማይችል አይነት ከሆነ፣ ለምሳሌ ቤንች ማርኩ ራሱ ከከተማው ኔትወርክ ጋር ሲገናኝ የተሳሳተ ከሆነ፣ ኮንትራክተሩ የከተማውን ሰርቬይ ከስር እንዲሰራው መጠበቅ ግፍ ነው።

ሀይቁ ዳር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከውሃው ወለል ተነስቶ ከፍታ ሚወስድ ሰው አለ፣ ጣና ግን አንድ ቦታ ቆሞ ሚጠብቅ መለኪያ አደለም፣ በአንድ አመት ውስጥ ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ብዙውን ጊዜ ከፍ ሚለው ክረምቱ ማለቂያ አካባቢ ነው፣ ዝቅ ሚለው ደግሞ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት። መውጫው ላይ ያለው የጨረጨራ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1996 ከተሰራ ወዲህ ደግሞ የሀይቁ ከፍታ በዝናብ ብቻ ሚወሰንም አደለም። በግንቦት የታየ ደረቅ ጉድጓድ ጥቅምት ላይ ውሃ ሊያፈልቅ ይችላል፣ እና ሳይት ጎብኝቻለሁ ብሎ የፈረመ ኮንትራክተር መቼ ነው የጎበኘው ሚለው ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው።

የገንዘቡን መጠን ለማሳየት ያህል ቀላል ሂሳብ ልስራ። 500 ካሬ ቦታ ላይ የተፈጥሮ መሬቱ ከፍታ በ30 ሳንቲ ተሳስቶ ቢጻፍ 150 ኪዩብ ሙሌት ነው ሚጨመረው። ገረጋንቲ ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ አንድ አራተኛ ጨምረህ ብታስበው ወደ 188 ኪዩብ ይጠጋል፣ 16 ኪዩብ በሚጭን ሲኖትራክ 12 ምልልስ ማለት ነው። የአንዱን ምልልስ ዋጋ እየኖርንበት ስለሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ በዛ ላይ የሮለሩ፣ የውሃው፣ የጠፋው ሳምንት አለ። የ30 ሳንቲ ስህተት ነው ይሄ ሁሉ፣ አንድ ሰርቬየር ሌቭል ይዞ ጠዋት ገብቶ ከምሳ በፊት ሚያገኘው።

ፕላኑ ላይ ስላለው ልኬት ስናወራ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ከአክሲስ (የኮለን መስመር) ኤ እስከ አክሲስ ዲ ጠቅላላው 12.60 ተብሎ ተጽፎ በመሀል ያሉት ሲደመሩ 4.20 እና 4.20 እና 4.00 ከሆኑ 12.40 ነው ሚመጣው፣ 20 ሳንቲ የት ሄደ? ይሄን ለማየት የአርክቴክት ዲግሪ አያስፈልግም፣ መደመር የሚችል ፎርማን ያየዋል፣ ስለዚህ ሳይጠይቅ በራሱ አንዱን መርጦ ኮለን ያቆመ ኮንትራክተር ተጠያቂ ነው ብዬ አምናለሁ። በኤ1 የተሰራ ፕላን በኤ3 ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በማስመሪያ እየለኩ መስራትም እንዲሁ፣ የተጻፈው ቁጥር ነው ሚገዛው፣ ቁጥር ከሌለ ይጠየቃል እንጂ አይለካም። ስኩዌርነቱንም ግንበኞቻችን ድሮም በ3፣ 4፣ 5 ነው ሚፈትሹት፣ 12 በ9 የሆነ ቤት ከጥግ ጥግ በሁለቱም በኩል 15 መምጣት አለበት፣ አንዱ 15.10 ሌላው 14.90 ከመጣ ፕሮፋይሉ (መስመር ማውጫው እንጨት) ይነቀል እንጂ ቁፋሮ አይጀመርም። እዚህ ድረስ ያለው ሁሉ የኮንትራክተሩ ነው፣ ማንም ላይ መጣል አይችልም።

ከዛ ወዲያ ያለው ግን የሱ አደለም። የአሜሪካ አርክቴክቶች ኢንስቲትዩት ሚያሳትመው የጠቅላላ ሁኔታዎች ውል ይሄን መስመር ጥሩ አድርጎ አስምሮታል፣ ኮንትራክተሩ ሳይቱን ይለካል፣ ከፕላኑ ጋር ያስተያያል፣ ያገኘውን ስህተት ወዲያው ያሳውቃል፣ ይሄን ሚያደርገው ግን ስራውን ለማቀናጀትና ለመገንባት እንዲመቸው ነው እንጂ የዲዛይነሩን ስህተት አድኖ እንዲያወጣ አደለም ይላል። ከዛ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1918 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው ታዋቂ ጉዳይ አለ፣ የስፒሪን ጉዳይ። ኮንትራክተሩ ብሩክሊን ባህር ሀይል ግቢ ውስጥ የመርከብ መጠገኛ ሊሰራ ተዋዋለ፣ እዛ ያለውን የፍሳሽ መስመር መንግስት በሰጠው ፕላን መሰረት አዛውሮ ሰራ፣ ከሱ ጋር ሚገናኘው ሌላ መስመር ውስጥ ግን ፕላኑ ላይ ያልታየ ግድብ ነበር፣ ሀይለኛ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ወደኋላ ተመልሶ የተዛወረውን መስመር ሰበረውና ስራው በውሃ ተጥለቀለቀ። መንግስት ጉዳቱን አንተ ቻል አለ። ፍርድ ቤቱ ግን ሳይቱን ጎብኝ፣ ፕላኑን አረጋግጥ፣ ሁኔታውን እወቅ የሚሉ የተለመዱ አንቀጾች ፕላኑን ያወጣውን አካል ከፕላኑ ጉድለት ነጻ አያደርጉትም አለ። እኛ ሀገር ህግ አደለም ይሄ፣ አመክንዮው ግን ለኛም ሚስማማ ነው፣ በተለይ ክረምት ሲገባ የጎርፍ መውረጃው የት እንዳለ ማንም ማያውቅባቸው ሰፈሮች ላላት ከተማ።

የኛ ህግ ደግሞ አንድ ኮንትራክተሮች ብዙ ማያስቡት ከባድ ነገር አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ አንቀጽ 3039 ኮንትራክተሩ ካስረከበ በኋላ ለ10 አመት ለስራው ጥራትና ለጥንካሬው ዋስ ነው ይላል፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ስራው ቢበላሽ በአሰራር ጉድለት የመጣውን ብቻ ሳይሆን ህንጻው በቆመበት መሬት አይነት ምክንያት የመጣውንም ይጠየቅበታል፣ ይሄን ጊዜ ሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን ሚያስቀር ስምምነት ብትፈራረሙ እንኳ አይጸናም። አስተውሉ፣ የመሬቱ አይነት! ጥቁር አፈር ላይ ፉቲንጉን (የመሰረቱን እግር) ፕላኑ 1.50 ጥልቀት ስላለው ብቻ 1.50 ላይ ያቆመ፣ ከስሩ ግን ጥቁሩ አፈር እንዳላለቀ እያየ ዝም ያለ ሰው፣ ከስምንት አመት በኋላ ግድግዳው ሲሰነጠቅ «ፕላኑ ነው» ማለቱ ብቻውን ማያድነው ለዚህ ነው። ባህር ዳር ላይ ደግሞ ተቃራኒውም ያጋጥማል፣ 70 ሳንቲ ሳትቆፍር ባዛልት አለት ታገኛለህ፣ የቁፋሮው ዋጋ በአፈር ታስቦ ነው የገባው፣ ስራው ግን የድንጋይ ነው። በፊዲክ አይነት ውል ልምድ ያለው ኮንትራክተር ጨረታ ሲያስገባ በተገቢው ሊገምተው ማይችል ነገር ከሆነ ጊዜና ወጪ ይጠይቅበታል፣ ግን ባህር ዳር ላይ ስንት ህንጻ የሰራ ኮንትራክተር አለት አልገመትኩም ቢል ማን ይሰማዋል፣ አጠገቡ ያለውን የጎረቤት ጉድጓድ ጎንበስ ብሎ ማየት በቂ ነበር። ፍትሐ ብሔሩም አንቀጽ 1764 ላይ ግዴታህ ካሰብከው በላይ ስለከበደህ ብቻ ውሉ አይለወጥም ይላል።

የብዛት ነገር ሌላ ነው፣ ብዙ ባለቤቶች እዚህ ጋር ኮንትራክተሩን ሌባ ይሉታል ያለ ጥፋቱ። ቢኦኪው (የስራው ብዛትና ዋጋ ዝርዝር) ላይ ያለው ብዛት በሜጀርመንት ውል ግምት ነው፣ ክፍያ ሚፈጸመው በተጨባጭ በተሰራው ልክ ነው። 80 ኪዩብ ተብሎ 96 ከወጣና 96ቱ በጋራ ተለክቶ ከተፈረመ 96 ይከፈላል፣ ሌብነት የለበትም። በላምፕሰም፣ ማለትም በአንድ ጥቅል ዋጋ፣ ከተዋዋልክ ግን ብዛቱን ማረጋገጥ ያንተ ስራ ነበር፣ ከመፈረምህ በፊት ቴክ ኦፍ ሰርተህ፣ ማለትም ብዛቱን ከፕላኑ ላይ አስልተህ፣ ማየት ነበረብህ፣ በኋላ ጎደለብኝ ማለት አይሰራም። ሁለቱን ሳይለዩ መፈረም ነው ሰውን ሚያጋጨው። በዛ ላይ ሚሸፈን ስራ ከመሸፈኑ በፊት ባለቤቱ ወይ ሱፐርቫይዘሩና ኮንትራክተሩ አብረው ካልለኩ ፉቲንጉ አፈር ከተመለሰበት በኋላ እውነቱን ሚያውቅ አይኖርም፣ በፊዲክ ደግሞ ኢንጂነሩ ለመለካት ጠርቶት ያልመጣና ሰው ያልላከ ኮንትራክተር የኢንጂነሩን ልኬት እንደ ትክክል ይቀበላል፣ መቅረት ያስከፍላል ማለት ነው።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ህግ እያለ ሳይት ላይ ሚሆነው ምንድነው? የሳይት ርክክብ ቀን ሁሉም ይመጣል፣ ባለቤቱ ወይ የመስሪያ ቤቱ ተወካይ በእጁ እያመለከተ «ከዚህ ዛፍ እስከዛ አጥር ነው» ይላል፣ ቃለ ጉባኤ ላይ «ሳይቱ ነጻ መሆኑን አይተን ተረክበናል» ተብሎ ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ቡና ተጠጥቶ ይበተናል። የነጥቦቹ ኮኦርዲኔት የለም፣ የቤንች ማርኩ ቁጥርና ቦታ የለም፣ ፎቶ የለም፣ ፕላኑ ከካርታው ጋር ተያይቶ አያውቅም። ከወራት በኋላ ጭቅጭቅ ሲነሳ ያቺ ወረቀት ለማንም አትጠቅምም። ኮንትራክተሩም ሰርቬየሩ «ኢንጂነር፣ ይሄ ድንበር ከካርታው ጋር 40 ሳንቲ አይገናኝም» ሲለው በቃል ለሱፐርቫይዘሩ ይነግረዋል፣ ሱፐርቫይዘሩ «እሺ ቀጥሉ እናስተካክላለን» ይለዋል፣ እና ይቀጥላል። እዚች ጋር ነው ሚከስረው። አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ ቀን ያለበት፣ ልዩነቱ በቁጥር የተጻፈበት፣ መልስ እስኪመጣ ያን ክፍል እንደማይጀምር ሚናገር፣ ይሄን ካስገባ ሀላፊነቱ ወደ መላሹ ሄደ። በ1999ኙ ፊዲክ ለክሌም (የተጨማሪ ጊዜ ወይ ክፍያ ጥያቄ) ማስታወቂያ ሚሰጠው ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ 28 ቀን ነው፣ ካለፈ መብቱም አብሮ ያልፋል፣ የቃል ንግግር ለዛ አይቆጠርም።

ለምን አይጽፉም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ኮንትራክተሩ ደብዳቤ ካበዛ «ክሌም ወዳድ ነው» ይባላል፣ ሚቀጥለው ስራ እንዳይቀርበት ይፈራል፣ ፔይመንቱም እንዳይዘገይበት። በዝቅተኛ ዋጋ ተወዳድሮ ስለገባ ለሰርቬየር የያዘው ብር የለም፣ በቀን ተከራይቶ ፕሮፋይል አውጥቶለት ይሄዳል፣ ከዛ በኋላ ፎርማኑ በሲባጎና በቱምቢ ነው ሚጨርሰው። ይሄ የኮንትራክተሩ ብቻ ጥፋት አደለም፣ አረጋግጥ እየተባለ ማረጋገጫው ቢኦኪው ላይ ዋጋ ካልተሰጠው፣ ለማረጋገጥም ቀን ካልተሰጠው፣ ርክክቡ ዛሬ ሆኖ ቁፋሮው ነገ ጠዋት እንዲጀመር ከተፈለገ፣ ያቺ መስመር ወረቀት ላይ ብቻ ትቀራለች። በኮሪደር ስራ አይነት ፍጥነት ውስጥ ደግሞ ሚፈርሰውና ሚቀረው መስመር ራሱ ስራው መሀል ሊቀየር ስለሚችል ትላንት የተረጋገጠው ዛሬ እንደገና መረጋገጥ አለበት።

በግል ቤት ላይ ነገሩ የባሰ ነው ምክንያቱም ብዙው ሰው ሚያሰራው በእጅ ዋጋ ነው፣ ማቴሪያሉን ራሱ ይገዛል፣ አንድ ፎርማን ከነሰራተኞቹ ይይዛል፣ ወረቀት ካለም ግማሽ ገጽ ነው። ፎርማኑን «ጋሼ አደራ በደንብ ለካ» ማለት ውል አደለም። ሰርቬየሩን ማን ነው ሚያመጣው፣ ድንበሩን ማን ነው ሚያሳየው፣ ዜሮ ሌቭሉ ከአስፋልቱ በስንት ከፍ ይላል፣ ቢያንስ እነዚህ ሶስቱ በጽሁፍ ይኑሩ። በተለይ የመጨረሻው፣ መንገዱ ገና ኮብልስቶን ወይ አስፋልት ያልለበሰ ሰፈር ከሆነ ወደፊት መንገዱ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ከከተማው ዲዛይን ሳይጠይቅ ወለል ያፈሰሰ ሰው ከጥቂት አመት በኋላ የዝናቡን ውሃ ሳሎኑ ውስጥ ይቀበላል።

ስራው ወደ ፊኒሺንግ ሲደርስ ደግሞ ልክ የማረጋገጡ ሀላፊነት ወደ ሰብ ኮንትራክተሩ ይዞራል። አሉሚኒየም ሰሪው ፕላኑ ላይ 1.50 ስላለ 1.50 ቆርጦ ከመጣ፣ ልስኑ በሁለቱም ጎን 2 ሳንቲ ሲበላ ክፍቱ 1.46 ሆኖ ይጠብቀዋል፣ ፍሬሙ አይገባም። እዚህ ጋር ለማንም አላዝንም፣ አሉሚኒየም ሚለካው ልስን ካለቀ በኋላ መሆኑን ሙያው ያውቀዋል። ዋናው ኮንትራክተር ግን ልስኑ ሳይደርስ «ቶሎ ቁረጥ ጊዜ የለንም» ብሎ ያስቆረጠው ከሆነ የዛን ፍሬም ዋጋ ዋናው ኮንትራክተር ይክፈል፣ ማን አዘዘ ሚለውን ሚያሳይ አንዲት የቴሌግራም መልእክት እንኳ ብትኖር ነገሩ ሳይካረር ያልቃል።